እትዬ ቀስና የጥጉ መደርደሪያ

እህቴ ካረፈች ወዲህ ስለ እሷ የሚወራው እየጨመረ ሄዷል። ለቅሶ ሊደርሱን ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ እህቴ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማ "ከመጻሕፍቱ በፊት እኔን አቃጥሉ!" ብላ ነበር ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ እንደነበር ጨመሩበት። ሥራዬ መዛግብት መጠበቅ ነውና ያልሆነው እንደሆነ ሲነገር ያመኛል። የሚወራላት የገዛ እህቴ ስትሆን ይብስብኛል። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ፤ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ።

መብራት አልጠፋም። እህቴም በር ላይ አልቆመችም፤ ተቀምጣ ነበር። የተናገረችውም "ካርድ አለሽ?" የሚል ነው።

ታላቄ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። አንባቢዎቹ ግን እትዬ ቀስ ይሏት ነበር። ወንበር የሚጎትተውን፣ በር የሚያላትመውን፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ ገጽ የሚገልጠውን ሁሉ "ቀስ" ትለዋለች። ሁለተኛ አትደግምም፤ ድምፅዋንም ከፍ አታደርግም። ቤተ መጻሕፍቱ ከውኃ ክፍያ ቢሮ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መስኮቶቹ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያያሉ። ከታች ሰው በወረፋ ሲጨቃጨቅ ድምፁ በደረጃው ይወጣል፤ እቴቴ ወደ ደረጃው ራስ ሄዳ ወደ ታች "ቀስ" ስትል እዚያም ጸጥ ይላል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በክፍሉ ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጎን፣ አንድ ጠባብ መደርደሪያ አለ። በላዩ የተደረደሩት ስለ ኮከብ ቆጠራ፣ ስለ ሕልም ፍቺ፣ ስለ መዳፍ ንባብ፣ ስለ ጠልሰምና መናፍስት ስለ መጥራት የተጻፉ ናቸው። የአንድ መድኃኒት ቀማሚ ሽማግሌ ንብረት ነበሩ። ሽማግሌው ሲሞቱ ወራሾቹ መጻሕፍቱን ቤት ማኖር ፈሩ፤ ማቃጠልም ፈሩ፤ በመጨረሻ ከነሣጥናቸው አምጥተው ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጡ። የዚያን ቀን ሣጥኑን ደረጃ ያወጣው ዘበኛ "ሰው የፈራውን ሁሉ ለመንግሥት ነው የሚሰጠው" ብሎ ነበር፤ ቀልዱን እስከ ዛሬ ይደግመዋል።

መደርደሪያው እዚያ የቆመው ሌላ ቦታ ስላልተገኘ ነው። ቦታው ግን ለአንባቢዎቹ ጠቀማቸው። ማንም "የአስማት መጽሐፍ ላይ ነኝ" ብሎ አይነሣም፤ ወደ መጸዳጃ ቤት እንደሚሄድ ሰው ይነሣና በሩ አጠገብ ሲደርስ ተራ እንደሚጠብቅ ይቆማል። መጸዳጃ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ይጠብቃል። እቴቴ አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ መቆሙን ስታይ ሁልጊዜ በተቃራኒው በኩል የሚሠራ ሥራ ታገኛለች፤ ጀርባዋን ሰጥታው የጋዜጣ መስቀያውን ታስተካክላለች። ሰውየው መጽሐፉን በክንዱ ሥር ሸጉጦ ወደ ጠረጴዛዋ ሲመጣ "ለጓደኛዬ ነው" ይላል።

"ጓደኛህን ሰላም በልልኝ" ትላለች፤ ማኅተሟን ትመታለች።

ይህን ያነበበ ሁሉ እህቴ ደፋር ነበረች ሊል ይችላል፤ አልነበረችም። እቴቴ እነዚያን መጻሕፍት ትፈራ ነበር። ሌላውን መደርደሪያ ሁሉ በአንድ ጨርቅ ስትወለውል ለጥጉ የተለየ ጨርቅ ነበራት፤ ጨርቁንም እዚያው ታጥባለች እንጂ ለማጠብ ቤት አታመጣም። ስትወለውላቸው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱንም ገልጣ አላነበበችም። ከመጻሕፍቱ ኋላ ግን ምን እንዳለ ታውቃለች። የሕክምና ተማሪዎች በክፍሉ ያለውን አንድ ለእናቱ የአካል ጥናት መጽሐፍ ሌላ ተማሪ እንዳይቀድማቸው ወስደው ከጠልሰሞቹ ጀርባ ይደብቁታል፤ እዚያ እጁን የሚሰድ የለማ። እቴቴ እያወጣች ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። "ምን ነው፣ ሰይጣንም ሐኪም ሊሆን ነው?" ስትላቸው ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

አንድ ጊዜ፣ "እቴቴ፣ ይህን ያህል ከምትፈሪያቸው ለምን ይወገዱ አትይም?" አልኳት።

"አየህ፣ የምፈራውን ሁሉ ካስወጣሁ የሒሳቡም መደርደሪያ ባዶ ሊቀር ነው።"

"ቀልዱን ተይው።"

"አልቀለድኩም። ሰው ወደዚያ ጥግ የሚሄደው ሲጨንቀው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የጨነቀውም ይህን ያነባል። አንብቦ ይመለሳል። እኔ የፈራሁ እንደሆነ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ፍርሃቴን በሰው ላይ አልቆልፍም።"

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረ። ነገሩ የመጣው ከፌርማታው ማዶ ካለው የልብስ ስፌት ቤት ነው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ በድንገት ሞተባት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ የደረሰች። ከአባቷ ሞት በኋላ እናትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ መነጋገር አቆሙ። አንድ ቀን እናትየው አልጋ ስታነጥፍ ከልጇ ትራስ ሥር የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ያለበት ትልቅ መጽሐፍ አገኘች። ሙታንን ስለ ማነጋገር የሚያስረዳ ነበር። መጽሐፉን በምድጃ መቆስቆሻ ገፍታ ከረጢት ውስጥ ከተተችው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና በቀጥታ ወደ ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሄደች።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስለ እሳቸውም ብዙ ክፉ ይወራል፤ ትክክል አይደለም። መምህሩ አንድ ጎበዝ ተማሪያቸው "ቀኑ ለኮከቤ አይሆንም" ብሎ ከፈተና ቀርቶባቸው ያውቃል፤ ያ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም። ስለዚህ ኮሚቴውን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቀረቡ፤ ኃላፊውም ሁሉንም በንባብ ክፍሉ ሰበሰባቸው። እቴቴን ጉልበቷን ያማት ስለነበር ከሥራ ስትወጣ ልሸኛት ሄጄ ነው እዚያ የተገኘሁት። ከዚህ በታች ያለውን ያየሁት ነው።

"እትዬ፣" አሉ ኃላፊው፣ "አንድ ጠባብ መደርደሪያ ነው። ለምን አንገላገልም?"

"መጽሐፍ የሚወገደው ሲበላሽ ወይም አንባቢ ሲያጣ ነው። ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እነዚህ አንባቢ አላጡም።"

"እሱ አይደል ያስጨነቀን!" አሉ መምህሩ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "እትዬ፣ ይስሙኝ። ልጅ ማስረጃ መጠየቅ እንዲማር ዕድሜ ልካችንን ደከምን። እርስዎ ደግሞ በመንግሥት ቤት ውስጥ ማስረጃ የሌለውን ነገር ማኅተም እየመቱ ይሰጡታል። ልጁ ማኅተሙን ሲያይ እውነት ይመስለዋል።"

እቴቴ ትንሽ አሰበች። "ያሉት ነገር አለበት" አለች። "እኔ ግን ጉልበት የለኝም፤ ጎንበስ ብዬ የማወርድ አይደለሁም። ይውጡ ካላችሁ አልይዛችሁም። የሚያወጣ ራሱ ያውጣ።"

የመጡት ሰዎች ወደ ጥጉ ዞረው አዩ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት ሴት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። መምህሩ እጃቸውን አነሡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው መልሰው አወረዱት። ኃላፊው ወደ ዘበኛው ዞሩ።

"ና እስቲ፣ አንተ አውርዳቸው።"

"ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት ሕንፃውን ልጠብቅ ነው። እነሱ ራሳቸውን ይጠብቃሉ።"

በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሰው ገፍታ ወጣች። ከረጢት ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "እኔ አወጣቸዋለሁ" አለች። "ልጄን የወሰዱብኝ እነሱ ናቸው። ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ይገባሉ።"

እቴቴ ከወንበሯ ሳትነሣ ቀና ብላ አየቻት። "ካርድ አለሽ?"

"የምን ካርድ?"

"የውሰት ካርድ።"

"እትዬ፣ አልሰማሽኝም እንዴ? ላቃጥላቸው ነው!"

"ሰምቻለሁ። እሱን ቤትሽ ስትደርሺ ታስቢበታለሽ። ከዚህ ቤት ግን መጽሐፍ ያለ ካርድ አይወጣም።"

እቴቴ መሳቢያዋን ስባ አዲስ ካርድ አወጣች፤ የልብስ ሰፊዋን ስም ጠይቃ ጻፈች። በአንድ ካርድ የሚወጣው ሦስት መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ የቀሩትን፣ የሠራተኛ ካርድ ገደብ የለውምና፣ በራሷ ካርድ ላይ መዘገበቻቸው። ኃላፊው ይህን ሲያዩ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እትዬ፣ ባይመለሱ እኮ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። ከሥራዎ ይነሣሉ። እኔም ላድንዎት አልችልም" አሏት።

"አውቃለሁ።" ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። "የሁለት ሳምንት ጊዜ አለሽ። ከታች ያለው ትልቁ ጥራዙ ላልቷል፤ ቀስ አድርገሽ ያዢው።"

ልብስ ሰፊዋ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ ወረወረቻቸው። ትልቁን ስታነሣ ግን በሁለት እጇ ያዘችው። ይህንንም አይቻለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አላስቻለኝም። "እቴቴ፣ አብደሻል? ጡረታሽ በደረሰበት ሰዓት?"

"ባሏ የሞተባት ሰው ናት" አለች። "የምትቆጣበት ነገር ያስፈልጋታል። ባዶ እጇን ብሰዳት ከማን ጋር የምትጣላ ይመስልሃል? ከልጅቷ ጋር ነው። ከመጽሐፍ ጋር ትጣላ።"

"ብታቃጥላቸውስ?"

"ያኔ አንተ ታበላኛለህ፤ ምን ችግር አለ" ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እስከ ቤት ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጥጉ ባዶ ሆነ። እቴቴ ባዶውን መደርደሪያ በዚያው ጨርቅ መወልወሏን አላቋረጠችም። ወደ መጸዳጃ ቤት በር የሚሄዱት ሰዎች ባዶ ጣውላ ሲያዩ ግራ ይገባቸውና አንዳንዱ በእውነት ይገባል። የሕክምና ተማሪዎቹም መደበቂያ አጡ። ኃላፊው በጠረጴዛዋ አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታቸው አጠረ። እቤት ስትሆን እህሏን እየነካካች ትተወዋለች፤ ስጠይቃት ጉልበቷን ታመካኛለች።

በልብስ ሰፊዋ ቤት የሆነውን አላየሁም። የጻፍኩት በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ ነው።

ከረጢቱን ምድጃው አጠገብ ዘረገፈችው። ትልቁን ለመጀመሪያ ብላ ስታነሣው ጥራዙ ተፈታና ገጾቹ ወለሉን ሞሉት። "እሳቱ ነዷል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ለቀማ ገባሁ" አለችኝ። "የሚቃጠል ነገር መልክ ይዞ ይቃጠል ብዬ ይሁን እንጃ። ስለቅም ስፌቱን አየሁት። ጌታዬ፣ ማን እንደሰፋው! ክሩ በስብሷል፤ ቀዳዳው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። እኔ የሰው ኮት ላይ የተፈታ ስፌት ካየሁ አውቶቡስ ውስጥም ቢሆን መርፌ አወጣለሁ። ለመስፋት ደግሞ መጀመሪያ ገጹን በተራ ማስያዝ ነው።"

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ገጽ ስትደረድር ልጇ ከትምህርት ቤት ገባች። እናቷን በዚያ ሁኔታ አይታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ምን ይገትርሻል? ከመቶ በላይ ያለውን አንቺ ያዢ" አለቻት እናትየው።

መጀመሪያ ከገጽ ቁጥር ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ኋላ ልጅቷ ሙታን ስለሚጠሩበት መንገድ የሚለውን ምዕራፍ በእጇ ይዛ፣ "ሞክሬው ነበር" አለች። ውኃ በሳህን፣ መስተዋት፣ ስም ሦስት ጊዜ መጥራት።

"እና?"

"አባዬ አልመጣም።"

እናትየው ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ "መቼ ሰዓት አክብሮ መጥቶ ያውቃል!" አለች።

ሾፌሩ በመሥመሩ ላይ ዘግይቶ በመድረስ የታወቀ ነበር። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ እናትየውም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ወረቀቱ መካከል ተቀምጠው አለቀሱ። ከቀብሩ ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። እሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። "ያን ቀን ሰፍቼ ጨረስኩት" አለችኝ፤ "ትልቁን ሰፍቼ ሌሎቹን እንዲያው ልተዋቸው? አይሆንልኝም።"

የመመለሻው ቀን ግን ይህን እኛ አናውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ከእቴቴ ጋር ተቀመጥኩ። መምህሩም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጋዜጣ ዘርግተዋል፤ ገጹን ግን አይገልጡም። ኃላፊው የቢሮአቸውን በር ገርበብ አድርገውታል። ዘበኛው በየጊዜው ከደረጃው ራስ ሆኖ ወደ ማዶ ያያል። መዝጊያ ሰዓቱ ሲቃረብ እቴቴ ማኅተሟን በጨርቅ ጠረገችው፤ መልሳ ጠረገችው፤ ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የግል ዕቃዋን፣ ማበጠሪያዋንና የጉልበት ቅባቷን፣ በቦርሳዋ ትከት ጀመር። ያን ማየት አልቻልኩም፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ዘበኛው ነው የጮኸው። "እትዬ! ከረጢቱ እየመጣ ነው!"

"ቀስ" አለች እቴቴ። ድምፅዋ ግን ተሰነጠቀ።

እናትና ልጅ ከረጢቱን በሁለት ጆሮው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት አመድ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አወጣች፤ ጀርባቸው ጠብቋል፣ ስፌታቸው በሰም በተሸ ክር ታድሷል። ሽፋናቸው የተገነጠለባቸው ጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሰዋል። የአውቶቡስ ሾፌሮች ሱሪ የሚሰፋበት ጨርቅ መሆኑን አወቅሁት፤ የማን ሱሪ እንደነበረ የጠየቀ የለም።

"አነበብኩት እኮ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ከዳር እስከ ዳር ውሸት ነው።"

"እንዲያ ነው?" አለች እቴቴ። "እኔ ፈርቼ አላነበብኩትም።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። "አንቺ? አንቺ ትፈሪዋለሽ? ታዲያ ለዚህ ነው እንጀራሽን…?"

"በይ ካርድሽን አምጪ" አለቻት።

መምህሩ ጋዜጣቸውን አጥፈው ቀረቡ። ትልቁን መጽሐፍ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ አነሡት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱንም በእጃቸው ሲነኩ ያየ የለም። ከፍተው አላነበቡም። ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት።

"ርቀቱ እኩል ነው" አሉ። "ሁሉም እኩል ነው።" መጽሐፉን መልሰው አስቀምጠው፣ "ቢሆንም እትዬ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ ስለ ከዋክብት ሳይንስ የተጻፈ መጽሐፍ ከጎኑ ይቀመጥ። ከቤቴ አመጣለሁ። አንባቢው ሁለቱን ይመልከት" አሉ።

"ያምጡ። ቦታ አለኝ።"

አመጡም። ዛሬም እዚያው አለ፤ እሱም በልብስ ሰፊዋ እጅ ተሰፍቷል። ኃላፊው የዚያን ቀን ከቢሮአቸው ወጥተው የእቴቴን ቦርሳ አንሥተው ደረጃውን እስክንወርድ ያዙላት። ልብስ ሰፊዋም ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጣች የተፈቱ ጥራዞችን ትሰፋለች፤ መጀመሪያ የጥጉን፣ ኋላ የቤቱን ሁሉ።

እቴቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ብዙ አልቆየችም። ከቀብሯ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ቤቱ አልያዝ አለኝ፤ አንድ ቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ፤ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ። አዲሷ የመጻሕፍት ሠራተኛ ወዲያው ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከማን እንደተማረችው አላጣሁትም። ትልቁን መጽሐፍ በካርዴ አውጥቼ ሄድኩ።

ልመልሰው ስመጣ ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ክንዴ ሥር ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ አይታ መርፌዋን አቆመች።

"ወንድም ጋሼ፣ ሞከርከው?"

"ሞከርኩት።"

"መጣች?"

"አልመጣችም።"

አንገቷን ነቀነቀች። "እንግዲያው የሚመጣ የለም ማለት ነው። እሷ እንኳ ሰዓት ታከብር ነበር።"

ሁለታችንም ፈገግ አልን። እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ተቀበለችኝና ጀርባውን ደባብሳ ስፌቱ እንዳልላላ አይታ መለሰችልኝ። "በል፣ ቦታው አግባው። ቀስ አድርገህ።"

ወደ ጥጉ ስሄድ አንዲት ወጣት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ማንም የለም። መጽሐፉን በቦታው አቆምኩት። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ ጋዜጣ መስቀያው ሄድኩ፤ የተጣመመ ጋዜጣ ፈልጌ ማስተካከል ጀመርኩ።